የጆንያው ግርጌ

እኔ በምሠራበት ቤት ሁሉም ነገር ይቃጠላል፤ የተረፈውን የማጥበው እኔ ነኝ።

ነገሩን ትንሽ ላብራራ። ከየቦታው የመድኃኒት ቅጠል በጆንያ ይመጣል። ቅጠሉ ለሳል ሽሮፕ ወደሚፈላበት ፋብሪካ ከመሄዱ በፊት እኛ ቤተ ሙከራ ይመረመራል። ኬሚስቱ ከቅጠሉ ጥቂት ይመዝንና ትንሽ ነጭ የሸክላ ስኒ ውስጥ ጨምሮ፣ ምድጃ ከትቶ አመድ እስኪሆን ያነደዋል። አመዱ ላይ አሲድ ያፈስበታል። አሲድ ብዙ ነገር ይበላል፤ አሸዋና አፈር ግን አይበላም። እሱ ተጣርቶ፣ እንደገና ነዶ ይመዘናል። ከመቶ ከሁለት ከበለጠ ቅጠሉ «ወድቋል» ይባላል። ከዚያ ስኒው ወደ እኔ ገንዳ ይመጣል።

አስራ ዘጠኝ ዓመት ሳጥብ አንድ ነገር ተረድቻለሁ። ሲመጣ የሁሉም ሰው ቅጠል ንፁህ ነው፤ ባለቤቱ በእናቱ ይምላል። ስኒ ግን የማንንም እናት አያውቅም።

ኬሚስትሪ ማንም አላስተማረኝም። የማውቀውን ያህል ያወቅኩት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈውና ቅርጫት ውስጥ ከተጣለው ወረቀት ነው። ከሁለቱ የሚሻለው የተጣለው ነው፤ ስህተቱ ያለው እዚያ ነዋ።

ግድግዳ ላይ ከተለጠፉት ሁሉ የሚከበረው በርክክብ አዳራሹ ያለው ነው። ታሪክ አለው። ከዓመታት በፊት አንድ ነጋዴ ጆንያውን ከላይ በጥሩ ቅጠል፣ ከታች በድንጋይ ሞልቶ አመጣ። ያን ጊዜ ናሙና የሚወሰደው ከላይ ስለነበረ አለፈ። ድንጋዩ ፋብሪካ ደርሶ ወፍጮ ሰበረ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተሯ በዚያ ሳምንት እህል አልቀመሱም ይባላል። ከዚያ በገዛ እጃቸው ጽፈው ለጠፉ፦ «ናሙና ሁልጊዜ ከጆንያው ግርጌ ይወሰዳል።» «ሁልጊዜ» የሚለው ሥር ሁለት ጊዜ ተሠምሮበታል።

ናሙና የሚያወጣውን ሰው «ወጊው» እንለዋለን። ጫፉ የሾለ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ቧንቧ አለው። ጆንያውን ከሥሩ ይወጋዋል፤ ቧንቧው ቅጠል ይዞ ይወጣል። ሰውዬው እቤቱ ዝንብ አይገድልም። ጆንያ ፊት ሲቆም ግን ሌላ ሰው ነው።

እታለም ታላቅ እህቴ ናት። ከሌሎች ሰባት ሴቶች ጋር ሆና ግራጫ፣ ጸጉራም፣ ሲያሹት አፍንጫ የሚከፍት ቅጠል ትተክላለች፣ ታደርቃለች፤ ሰብሳቢያቸውም እሷ ናት። ለእኛ ማቅረብ ስትጀምር እህቴ መሆኗን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። በቤተ ሙከራ ውስጥ ዘመድ እንደ ሳል ነው፤ ባይዝህም ይጠረጥሩሃል።

የመጀመሪያው ጭነቷ ሦስት ነጥብ አንድ ሆኖ ወደቀ። ሁለተኛው ሦስት ነጥብ አራት። ደንቡ ደግሞ አጭር ነው፦ በተከታታይ ሦስት ጊዜ የወደቀ አቅራቢ ከዝርዝሩ ይሰረዛል፤ ተመልሶም አይገባም።

ሁለተኛው የውድቀት ደብዳቤ በተጻፈ ቀን፣ በሕንፃው ጀርባ ዞራ በማጠቢያ ክፍሉ መስኮት ብቅ አለች።

«ማሙሽ!» አለችኝ።

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው።

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! አፈር አመጣሽልን አሉኝ እኮ። ማኅተም መትተው ነው የሰደቡኝ።»

«አፈር አላሉሽም። በአሲድ የማይሟሟ አመድ ነው ያሉሽ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አፈር ነው።»

እጇን በመስኮቱ ዘረጋች። «አሳየኝ።»

ስኒዋ ገና አልታጠበችም ነበር፤ አቀበልኳት። እታለም የተረፈውን መዳፏ ላይ ገለበጠችና በሁለት ጣት አሸችው። ወደ ብርሃን አዞረችው። «አይደለም፣ የኔ አይደለም» እስክትል ጠበቅኩ፤ ሁሉም የሚሉት እሱን ነው።

«የኔ ነው» አለች።

«አመንሽ?»

«ቆይ። ይሄ ከስንት ቅጠል ነው የወጣው?»

በጣቶቼ አሳየኋት፤ አንዲት ቁንጥር።

«ከዚህች? እንግዲያው ይሄ ቅጠል አይደለም፣ ግርጌ ነው። እቤት ጆንያ ስንጨርስ ሥሩ የሚቀረው ደቃቅ። ቅጠሉ ጸጉራም ነው፣ ብናኝ ይይዛል። መኪና ላይ አምስት ሰዓት ሲንገጫገጭ ብናኙ እየተራገፈ ሥር ይወርዳል። ከየት ነው የሚወስዱት?»

«ከሥር።»

«ከሥር ብቻ?»

«ሁልጊዜ» አልኳት። «ሁለት ጊዜ ተሠምሮበታል።»

እታለም ሳቀች። ያ ሳቅ ደስ አላለኝም። ልጆች ሳለን እንዲህ ስትስቅ የሆነ ሰው ንብረት ይሰበር ነበር።

«የሌሎቹ ስኒስ እንዴት ነው?»

ስለ ባለ ሁለት መኪናው ነገርኳት። ከአቅራቢዎቻችን ትልቁ እሱ ነው፤ ሁለት የጭነት መኪና አለው፣ ቅጠሉም ያው የሷ ዓይነት ቅጠል ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ወድቆ አያውቅም። ስኒው እንደተላሰ ሆኖ ነው የሚመጣልኝ፤ አንዴ ውኃ ካሳየሁት ይበቃዋል። እውነቱን ለመናገር ሰውየውን ሳላውቀው እወደው ነበር።

«የሚመጣው በየት ነው?»

«በእናንተው መንገድ።»

«የሱ መኪና አይንገጫገጭም?»

«መንገዱ ያው መንገድ ነው፣ እታለም።»

«ታዲያ የሱ ደቃቅ የት ይሄዳል?»

አስራ ዘጠኝ ዓመት ስኒ ሳጥብ ይህ ጥያቄ አንድም ቀን መጥቶልኝ አያውቅም። ስኒ ሲቆሽሽ ነበር የምደነቀው፤ ሲነጣ አልደነቅም። መልሱ ግን ጥያቄው እንዳለቀ መጣ። ናሙና ከሥር እንደሚወሰድ የሚያውቅ ሰው፣ መንገዱን ጨርሶ እዚህ ሊገባ ሲል የተመረጠውን ቅጠል ሥር ነው የሚያደርገው። የዶክተሯን ደንብ ሌባ ሁሉ ያውቀዋል። የማያውቁት ሐቀኞቹ ብቻ ነበሩ።

«መላ አለኝ» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ሦስተኛውን ስታመጪ፣ በር ላይ ጆንያዎቹን ገልብጠሽ አስወርጂያቸው። ሥሩ ላይ ይሆናል፣ ላዩ ሥር። ወጊው ከሥር ይወጋል። አለቀ።»

ስኒዋን በእጇ ገልብጣ አየቻት።

«ተገልብጬ ልለፍ?»

«አንቺ አይደለሽም የምትገለበጪው፣ ጆንያው ነው።»

«ያው ነው። ስማ፣ ቅጠላችን ንፁህ ነው። ንፁህ ከሆነ ደግሞ እንደቆመ ይለፍ። ዛሬ ገልብጬ ካለፍኩ ነገም ልገለብጥ ነው። ስምንት ሴት ዕድሜ ልኳን ጆንያ ስትገለብጥ? ደግሞስ ሰባቱ እንዴት አለፍሽ ሲሉኝ ምን ልላቸው ነው?»

«ኬሚስትሪ ነው በያቸው።»

«ወግድ!» አለችኝና ስኒዬን መልሳልኝ ሄደች። ደብዳቤውንና ውሉን ይዛ ነበር። ውል የሚያነብ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም ነበር።

ሦስተኛው ጭነት ከወር በኋላ አንድ ጠዋት መጣ፤ አሥራ ሁለት ጆንያ። እኔ በአጋጣሚ የርክክብ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። አጋጣሚውን ሳመቻች አንድ ሰዓት ተኩል ፈጅቶብኛል። በወዲያኛው ግድግዳ በኩል የባለ ሁለት መኪናው ጭነት ተደርድሯል፤ ትናንት አልፎ ማኅተሙ ተንጠልጥሎበታል።

ወጊው ቧንቧውን ወልውሎ ወደ መጀመሪያው ጆንያ ጎንበስ ሲል እታለም መሃል ገባች።

«ቆይ ወንድሜ።»

«እናቴ፣ ዞር ይበሉ፤ ብረት ነው።»

«ውሉ አንቀጽ አሥራ አንድ ላይ አቅራቢ ናሙና ሲወሰድ ቆሞ የማየትና አስተያየት የመስጠት መብት አለው ይላል።»

«እያዩ አይደል እንዴ?»

«እያየሁ ነው። አሁን አስተያየት ልሰጥ ነው።»

ወጊው በሥራ ዘመኑ አንቀጽ አሥራ አንድን ያነበበ ሰው ገጥሞት አያውቅም። ቧንቧውን እንደያዘ ዶክተሯን ሊጠራ ሄደ።

ዶክተሯ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ መጡ። አጭር ሴት ናቸው፤ ሰው ግን ሁልጊዜ ወደ ላይ እያየ ነው የሚያናግራቸው።

«ምንድን ነው ችግሩ?»

«ዶክተር፣ ሁለት ጊዜ ጣላችሁኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ግርጌውን እንጂ ጆንያውን አልመረመራችሁም።»

«ደንቡ ለሌባ የወጣ ነው። እርስዎን አይደለም የተጠራጠርነው።»

«እሱማ ነው ችግሩ! ሌባው ከሥር እንደምትወስዱ ያውቃል። ገበያው ሁሉ ያውቃል። እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ግርጌ ላይ ደቃቅ እንደሚወርድ ልጅ ያውቀዋል። ዛሬም ከሥር ብቻ ከወሰዳችሁ እወድቃለሁ፤ ከወደቅኩ ደግሞ እሰረዛለሁ። ስሰረዝ ስምንት ሴት ናት የምትሰረዘው።»

ዶክተሯ መነጽራቸውን አደረጉ። «እና ምን ይሁን ይላሉ?»

«አንድ ጆንያ ራስዎ ይምረጡ። ሸራ ይነጠፍልኝ። ሙሉውን አፍስሰን እንካፈለው።»

ዶክተሯ ወጊውን አዩ፤ ወጊው ቧንቧውን አየ። ከዚያ ዶክተሯ በሰልፉ አጠገብ ቀስ ብለው ሄዱና ሰባተኛውን ጆንያ በብዕራቸው ነካ አደረጉት። ንፁህ ሸራ መጣ።

«ማሙሽ፣ ያንን ጫፍ ያዝ!» አለች እታለም።

ሁሉም ዙሪያውን ማየት ጀመረ።

«ማሙሽ ማነው?» አለ ወጊው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞሩ። «ትተዋወቃላችሁ?»

«እህቴ ናት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተወለድኩ ጀምሮ።»

ወጊው አፉን በእጁ ሸፈነ። ዶክተሯ ግን አልሳቁም። «እንግዲያው ከሸራው ራቅ። ውጤት እስኪወጣ ቅጠሉንም ስኒውንም እንዳትነካ። እጅህን ወደኋላ አድርገህ ቁም።» እጄን ወደኋላ አድርጌ ቆምኩ። የሸራው ጫፍ ለወጊው ደረሰው፤ ለመያዝ ሲል ቧንቧውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

እታለም ጆንያውን አፈሰሰችው። ቅጠሉ ወጥቶ ወጥቶ፣ መጨረሻ ላይ ደቃቁ ቡናማ ሆኖ ክምሩ ላይ ወረደ። ወጊው ከንፈሩን መጠጠ። እሷ የሸራውን አንድ ጫፍ ወደ ተቃራኒው ጎትታ ክምሩን አንከባለለችው፤ ከዚያ በሌላው ጫፍ፤ ቡናማው ክምሩ ውስጥ እስኪጠፋ። አቆመችው፣ በመዳፏ ደፍጠጥ አደረገችውና በእንጨት መስቀለኛ ሠንጥቃ አራት ቦታ ከፈለችው። ፊት ለፊት የተያዩትን ሁለቱን አስቀረች፤ ሌሎቹን ሁለቱን ወደ ጆንያው መለሰች፤ ሥራቸው የቀረውን ብናኝ እንኳ በብሩሽ ጠርጋ።

«ደቃቁን አትተይው» አሉ ዶክተሯ ሳያስቡት።

«እንዴት እተወዋለሁ? ደቃቁም የኔ ነው።»

የቀረውን እንደገና ቀላቀለች፣ ከመረች፣ አራት ከፈለች፣ ግማሹን መለሰች። እንደገና። እንደገና። መጨረሻ ላይ ሸራው ላይ ሁለት እፍኝ ቅጠል ቀረ፤ ቅጠሉም፣ ስባሪውም፣ ብናኙም በየድርሻው። እጇን አራገፈች።

«ይሄን ማን አስተማረሽ?» አሉ ዶክተሯ።

«ማን ያስተምረኛል? ስምንት ነን። የደረቀውን ስንካፈል ላንዷ ቅጠል ላንዷ ደቃቅ እንዳይደርስ እንዲህ ነው የምናደርገው። እነሱን ባታውቋቸው ነው። አንድ ቀን ባበላልጥ ኖሮ ዛሬ እዚህ የምታነጋግሩት ሬሳዬን ነበር።»

ዶክተሯ ወደ ቢሯቸው ሄዱ። ሲመለሱ ጀርባው በፕላስተር የታሸገ ወፍራም መጽሐፍ ይዘዋል፤ የተማሪነታቸው ነው። ገልጠው አሳዩዋት። ሥዕል ነው፤ አንድ ሰው ክምር ፊት ተንበርክኮ፣ ክምሩ በመስቀለኛ ለአራት ተከፍሎ።

እታለም አየችው። «እሱ ሰውዬ አንዱን አግዝፎታል» አለች።

«ፈተና ወስጄበታለሁ እኮ» አሉ ዶክተሯ፤ ለማን እንደሆነ እንጃ። «አልፌም ነበር። ከዚያ አንድ ሌባ መጣና መጽሐፌን አስጣለኝ።»

መጽሐፉን ዘጉ። ዓይናቸው ወደ ወዲያኛው ግድግዳ ሄደ።

«ከዚያም አንድ አምጡ።»

«ያኛውማ ትናንት አልፏል፣ ዶክተር» አለ ወጊው።

«ግርጌው ነው ያለፈው። የቀረውን ገና አልጠየቅነውም።»

የባለ ሁለት መኪናው ጆንያ በሌላ ሸራ ላይ ፈሰሰ። መጀመሪያ አንድ ሁለት እፍኝ ቅጠል ወጣ። ከዚያ ጣት ጣት የሚያህል ግንድ። ከዚያ የምን እንደሆነ የማይታወቅ ሣር፣ አፈሩን እንደተሸከመ። መጨረሻ ላይ ከግርጌው የተመረጠ፣ የጸዳ፣ የሚያምር ቅጠል ወርዶ ክምሩ አናት ላይ እንደ ባርኔጣ ቁጭ አለ። ወጊው ብረቱን፣ ባለቤቱን እንደነከሰ ውሻ አየው።

ዶክተሯ ግን በዓይን አይፈርዱም። ሦስት ስኒ አዘዙ፦ አንዱ ወጊው ከእታለም ሌላ ጆንያ ግርጌ ያወጣው፣ አንዱ እታለም ከከፈለችው፣ አንዱ እንዲሁ ተከፋፍሎ ከባለ ሁለት መኪናው። ስም አልተጻፈም፤ ቁጥር ብቻ። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ ራሳቸው ወረቀት ላይ ጽፈው ኪሳቸው ከተቱ። ኬሚስቱ ምንም ሳያውቅ ያቃጥላል።

የዚያን ዕለት እታለም እኔ ጋ አደረች። የታጠቡ ሳህኖቼን አውጥታ እንደገና አጠበቻቸው። ሥራዬ ይሄ መሆኑን አስታወስኳት። «ምግብህን ከስኒ ጋር አታምታታ» አለችኝ።

በማግስቱ ከቀትር በፊት ሁላችንም ሚዛን ክፍሉ በር ላይ ነበርን፤ እኔ እጄ አሁንም ወደኋላ ነው። ኬሚስቱ ከቁጥር በቀር ቃል የማይወጣው ሰው ነው። ሰላም ሲሉት እንኳ ስንት ሰዓት እንደሆነ ነው የሚመልሰው። ስኒዎቹን አንድ በአንድ መዝኖ፣ ወረቀት ላይ አስልቶ አነበበ።

«አንድ፤ ሦስት ነጥብ ሁለት። ሁለት፤ አንድ ነጥብ ሁለት። ሦስት፤ አራት ነጥብ ስድስት።»

ዶክተሯ ከኪሳቸው ወረቀቱን አወጡ። ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ወይም ለእኔ ረዘመብኝ።

«አንድ ቁጥር የእሷ ግርጌ። ሁለት ቁጥር የእሷ ሙሉ ጆንያ። ሦስት ቁጥር...» ብለው ወረቀቱን አጠፉት። «ሦስት ቁጥር ሦስት ዓመት ወድቆ የማያውቀው።»

«ሁለትስ ምንድን ነው?» አለች እታለም። «ሁለት አለፈ?»

«አልፏል» አሉ ዶክተሯ። «በሰፊው።»

እታለም ወንበር ፈለገች። ወጊው ሮጦ አመጣላት።

ግን ገና አላለቀም ነበር። አመዱን ያለፈ ቅጠል ወደ ዘይቱ ይሄዳል፤ ሳሉን የሚያሽረው እሱ ነውና። ቅጠሉ በክብ ጠርሙስ ከውኃ ጋር ይፈላል፤ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ መስመር መስመር ባለው ቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ይንጠባጠባል፤ ዘይቱ ውኃው ላይ ተንሳፍፎ ይለካል። ከመቶ ግራም ቅጠል ቢያንስ አንድ ተኩል ሚሊ ሊትር መውጣት አለበት። የእታለም ቅጠል ከአመዱ በር ላይ ሁለቴ ስለተመለሰ፣ ያንን ቱቦ አንድም ቀን አይቶት አያውቅም። ቅጠሉ ንፁህ መሆኑን ነው ያወቅነው። መድኃኒት መሆኑን ማንም አላየም።

ጠርሙሱ መፍላት ጀመረ። መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ ኮሪደሩን ሞልቶ ደረጃውን ወረደ። ከሒሳብ ክፍል አንዱ «ምን ተደፋ?» እያለ መጣ፤ መልሶ አልሄደም። በመጀመሪያው ሰዓት ቢጫው ዘይት አንድን አለፈ። በሁለተኛው ሰዓት አንድ ተኩል ላይ ደረሰ። ወጊው «በቃ! በቃ!» ብሎ አጨበጨበ።

«ገና አንድ ሰዓት አለው» አሉ ዶክተሯ።

ዘይቱ አልቆመም። አንድ ነጥብ ሰባት። አንድ ነጥብ ዘጠኝ። እታለም ከወንበሯ ተነስታ ቱቦው ፊት ቆመች፤ ለድስት እንደምትቆመው፣ ወገቧን ይዛ። ሦስተኛው ሰዓት ሲሞላ ኬሚስቱ እሳቱን አጠፋ፣ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ከመስመሩ ጋር አስተካከለ፣ ቀና አለ፣ እንደገና ጎንበስ አለ።

«ኧረ!» አለ።

በሥራ ዘመኑ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው ቁጥር ያልሆነ ቃል ነው። ከዚያ ራሱን ሰብስቦ «ሁለት ነጥብ አንድ» አለ።

ዶክተሯ መዝገቡን ወደኋላ ገለጡ፤ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አምስት ዓመት። «ከዚህ ቅጠል እንዲህ ያለ የለም» አሉ። «እዚህ መዝገብ ውስጥ የለም።»

ከዚያ ያደረጉትን እኔ ባላይ ማንም ቢነግረኝ አላምንም ነበር። ወደ ርክክብ አዳራሹ ወረዱ፤ ተከተልናቸው። በእጃቸው የጻፉትን ደንብ ከግድግዳው ላጡት። ሁለቱን የእታለም ደብዳቤዎች አስመጡና በእያንዳንዱ ላይ «ተሽሯል፤ ስህተቱ የቤተ ሙከራው ነው» ብለው ጽፈው ፈረሙ፣ ማኅተሙንም ራሳቸው መቱት። በባለ ሁለት መኪናው ጭነት ላይ የተንጠለጠለውን ማኅተም ወጊው ሊበጥሰው ሲል «ሁሉም ጆንያ ይፍሰስ፤ እሱም እንደሷ ቆሞ ይይ» አሉ። ለእታለም ደግሞ አሉ፦ «ሰኞ ለሠራተኞቼ አከፋፈሉን ታሳይልኛለሽ?»

«አሳያለሁ። ያ መጽሐፍ ላይ ያለው ሰውዬም ቢመጣ አሳየዋለሁ።»

አሥራ ሁለቱ ጆንያዎች ያለፈ ቅጠል ወደሚቀመጥበት መጋዘን በጋሪ ሲገፉ እታለም ስልኳን አወጣች። ሰባቱ ሴቶች በአንድ ስልክ ዙሪያ ተሰብስበው እንደዋሉ ወዲያው ታወቀ፤ «ሃሎ» የሚለው ከሰባት አፍ ነው የመጣው። ድምፁን ሁላችንም እንድንሰማ ለቀቀችው።

«እህስ? ተናገሪ እንጂ!»

«አልፈናል።»

ከወዲያ በኩል የሆነ ነገር ሲወድቅ ተሰማ።

«ተይው ምጣዱን!» አለች አንዷ። «ስንት አመጣን? ቁጥሩን ንገሪን!»

«ሁለት ነጥብ አንድ።»

አንዲት ጥንቁቅ ድምፅ፦ «ከስንት?»

«ከስንት የሚባል የለውም። አንድ ተኩል ይበቃ ነበር።»

«ተርፏል ማለት ነው?»

እታለም ወደ ዶክተሯ አየች። ዶክተሯ ራሳቸው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ተርፏል» አሉ።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ምን እንዳለ አልተሰማም፤ ሰባቱም በአንድ ላይ ነበር የሚጮኹት።